ጎኑን ዳስሱት

(ደሴ ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ውሻ ለሚያሳድጉ የሰፈር ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ድግግሞሹን ቀነስኩ እንጂ አነጋገሬን አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ ጀማው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ እንዲህ እየነፈሰ፣ ስለ ውሻ ቀለብ ለመስማት ከቤት መውጣታችሁ ይገርማል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የመጡም እንዳሉ ነግረውኛል። ተባረኩ። ቡናው እስኪደርስ እንጨዋወት።

በአንድ ሚዛን ልጀምር።

አንዲት እናት መቻል የሚባል ውሻቸውን እየጎተቱ ወደምሠራበት የእንስሳት ሕክምና ቤት መጡ። "ልጄ፣ መቻል እህል አልቀምስ አለ። ዓይን ሳይበላው አልቀረም" አሉኝ። መቻልን አየሁት። ከበሩ እስከ ጠረጴዛዬ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። እሷን ሲጨርስ ዘፍ ብሎ ተኛ። ምላሱ ወጥቷል። ወገቡ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም።

"ስንት ኪሎ ነው እናቴ?"

"እኔ በምን አውቄ! ሙክት ነው እንዴ!"

እኔም ጋ ለእሱ የሚሆን ሚዛን አልነበረም። ጎረቤት ወፍጮ ቤት ወሰድነው፣ የጤፍ ጆንያ ወደሚመዘንበት። መቻል ሚዛኑ ላይ አልቆምም አለ። ዱቄት የለበሰው የወፍጮ ቤቱ ልጅ እቅፍ አድርጎት ወጣ። ከዚያ ልጁ ብቻውን ተመዘነ። ቀነስን። 31 ኪሎ። "ወላሂ ይሄስ ቢሰፈር ይሻላል" አለ ልጁ ወገቡን ይዞ።

በአጥንቱ ስፋት ስገምተው መቻል 25 ኪሎ ቢሆን ይበቃዋል። ሩብ ኩንታል መሆን ያለበት ውሻ 6 ኪሎ ትርፍ ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው። ታዲያ ለምን አይበላም? ቁጭ ብለን ቆጠርን። ጠዋት እሳቸው የማታውን ፍርፍር ይሰጡታል። ሠራተኛዋ ደግሞ ሳህን ስታጥብ ትርፍራፊውን ትደፋለታለች። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዳቧቸውን ያካፍሉታል። ጓሮ ያለው ተከራይ አጥንት ይዞለት ይገባል። ማታ እሳቸው ዋናውን ራት ሲያቀርቡለት፣ መቻል አሽትቶ ፊቱን ያዞራል። ይሄኔ "ታመመ" ይባላል። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ውሻውን የሚያበላ እሱ ብቻ ይመስለዋል።

በእሳቸው አልሳቅኩም። ዓይን ይለምዳላ። በየቀኑ የምታዩት ውሻ ሲወፍርም ሲከሳም አይታያችሁም። ጸጉሩ ብዙ ከሆነማ ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እጃችሁን እንዳትረሱ።

እስቲ ሁላችሁም ጨብጡ። ቡጢ። በሌላው እጃችሁ ጣት የቡጢውን አንጓዎች ዳስሱ። ቋ ቋ ይላል፣ አጥንት ብቻ። የውሻችሁ ጎድን እንደዚህ ከሆነ ከስቷል። አሁን ቡጢውን ፍቱና እጃችሁን ዘርጉ፣ መዳፍ ወደ ታች። እዚያው አንጓዎቹ ላይ በጀርባው በኩል ዳስሱ። አጥንቱ አለ፣ ቀጭን ልብስ ለብሷል። ጎድኑ እንደዚህ ሲሆን ደህና ነው። አሁን መዳፋችሁን ገልብጡ። ከጣቶቹ ሥር ያለችውን ለስላሳ ስጋ ዳስሱ። አጥንቱን ለማግኘት መጫን አለባችሁ። መቻል እንደዚህ ነበር። እንዲያውም ከዚህም ይብስ ነበር።

ሐኪሞች ይሄንኑ ከ1 እስከ 9 በሆነ ደረጃ ያስቀምጡታል። 1 ቆዳና አጥንት ነው፣ 9 ደግሞ በርሜል። የሚፈለገው 4 ወይም 5 ነው። ከ5 በላይ እያንዳንዷ ደረጃ ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ክብደት ናት። ከእጁ ሌላ ሁለት ነገር እዩ። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ከጎድኑ ኋላ ወገቡ ገባ ማለት አለበት። ከጎን ስታዩት ሆዱ ወደ ኋላ እግሩ ሲጠጋ ወደ ላይ መሰብሰብ አለበት። አለቀ። ሚዛን ባይኖራችሁም በየሁለት ሳምንቱ ጎኑን ዳስሱት።

"ወፍራም ውሻ ያምራል፣ ሌባም ይፈራዋል" የሚል አይጠፋም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት ተሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። 48 የላብራዶር ቡችሎችን በጥንድ በጥንድ አደረጓቸው። አንዱ እንደልቡ ሲበላ፣ ጓደኛው ከእሱ 25 በመቶ ያነሰ ይሰጠዋል። እንዲህ አድርገው ዕድሜያቸውን በሙሉ ተከታተሏቸው። ትንሽ የበሉት አጋማሽ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሆነ። ብዙ የበሉት 11.2። ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ነው። የመገጣጠሚያ ሕመምም ቀጫጭኖቹን የያዛቸው ዘግይቶ ነው። ለሌባውም ቢሆን አሥር እርምጃ ሄዶ የሚተኛ ውሻ ምን ያደርግለታል?

አሁን ወደ ወሎ ማዕድ እንምጣ። የእኛ ውሻ ክብደት የሚሄደው በእኛ የዘመን መቁጠሪያ ነው። ክርስቲያን ቤት ያለው ሁዳዴ ሲገባ ሳይወድ በግዱ 55 ቀን ይጾማል። ሽሮ ፍትፍት፣ ደረቅ እንጀራ። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ቅርጫ አለ፣ ጮማ አለ፣ ቅቤ የጠጣ ፍትፍት አለ። ሁለት ወር ያላየውን በሁለት ቀን ይጭኑበታል። ሙስሊም ቤት ያለው ደግሞ በአረፋ ተራው ይደርሰዋል። ጎረቤታሞች ከሆኑ ሁለቱንም በዓል የሚያከብር ውሻ አለ፣ አጥሩን እየዘለለ። እኔ እንደዚህ ዓይነቱን ውሻ አከብረዋለሁ፣ ወሎዬ ነው። ከበዓል ማግስት ግን ጀርባውን አጉብጦ፣ ሆዱን ይዞ፣ እያስመለሰ የሚመጣልኝ እሱ ነው። ድንገት የተጫነ ስብ የውሻን ቆሽት ያስቆጣል። ይህ እስከ ሞት የሚያደርስ ሕመም ነው።

ከስቡ የባሰው ግን ሽንኩርት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኔንም ስለነካኝ።

ተማሪ ሳለሁ ቤታችን ጃክ የሚባል ውሻ ነበር። ቀይ፣ የሐበሻ ውሻ፣ 20 ኪሎ ገደማ። ለፋሲካ እናቴ ዶሮ ስትሠራ ቁሌቱ በዛ። ዶሮው ካለቀ በኋላ ድስት ውስጥ የተረፈውን ቁሌት በእንጀራ ፈትፍቼ ለጃክ ያቀረብኩለት እኔው ነኝ። ሁለት ቀን አበላሁት። ደስታው! ሳህኑን እየገፋ ግቢውን አዞረው። በአራተኛው ቀን ከተኛበት አልነሳ አለ። ድዱን ገልጬ ሳይ ነጭ ሆኗል፣ ወረቀት። ሲሸና ደግሞ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሮ ወረደ።

የሆነው ነገር ይሄ ነው። ሽንኩርት ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው ነው። መቀቀል፣ ማቁላላት፣ ማድረቅ አያድነውም። ውሻ በአንድ ጊዜ ከክብደቱ 0.5 በመቶ የሚበልጥ ሽንኩርት ከበላ ሊመረዝ ይችላል። ለ20 ኪሎ ውሻ ይሄ 100 ግራም ነው፣ አንድ መካከለኛ ራስ። የዶሮ ወጥ ቁሌት ስንት ራስ እንደሚገባበት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ጥቂት ጥቂቱም በየቀኑ ከሆነ ይጠራቀማል። ምልክቱ ደግሞ ወዲያው አይመጣም፣ ቀናት ይቆያል። ስለዚህ ማንም ከወጡ ጋር አያገናኘውም። "ሰው መርዝ ሰጠው" ይባልና ጎረቤት ይታማል። የጾሙ ሽሮም በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ስለሆነ በጤነኛ ምግብ ስም አይለፍ።

ጃክ ተረፈ። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ እናቴ አንድ ሥርዓት አወጣች፦ የውሻው ድርሻ ቁሌት ሳይነካው በፊት ይወጣል። ስጋውን ለብቻው፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ ቀቅላ ታስቀምጥለታለች። አጥንቱን ለቅማ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ቸኮሌትም እንዳትሰጡ።

እንጀራስ ይፈቀዳል ወይ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ይፈቀዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ውሻ ከተኩላ የሚለየው አንዱ ነገር እህልን የሚፈጭበት ዘረ መል ብዙ ቅጂ ስላለው ነው። ከሰው ጋር ሲኖር ማዕዳችንን ለምዷል። ጤፍም፣ ሩዝም፣ የበቆሎ ገንፎም ይጠቅመዋል። ብቻውን ግን አይበቃም። ስጋ ብቻም አይበቃም፤ በተለይ ለቡችላ። ስጋ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ስጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ እግሩ ሲቆለመም አይቻለሁ፣ ባለቤቱ ሀብታም ነበር።

እሺ፣ ስንት ይብላ? ስልካችሁን አውጡ፣ ካልኩሌተሩን ክፈቱ። የውሻችሁን ኪሎ በራሱ አባዙ፣ አሁንም በራሱ አባዙ። 20 ኪሎ ከሆነ 20 በ20 በ20፣ 8,000። የስኩዌር ሩት ምልክቷን ሁለት ጊዜ ንኩ። 9.46 ይመጣል። በ70 አባዙት። ወደ 660። ይሄ ውሻው ዝም ብሎ ተኝቶ ቢውል የሚያስፈልገው ካሎሪ ነው። ጤነኛ፣ የተኮላሸ፣ ቡችላነቱን የጨረሰ ውሻ ከሆነ በ1.6 አባዙት፣ 1,060 ገደማ። ካልተኮላሸ በ1.8። መክሳት ካለበት ደግሞ ሊደርስበት በሚገባው ኪሎ አስሉና ተኝቶ ቢውል የሚበቃውን ብቻ ስጡት፣ በ1.6 ሳታባዙ። ውሻ ሲኮላሽ የሚያስፈልገው ምግብ ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ግን ይጨምራል። "አኮላሽቼው ወፈረ" የምትሉት ለዚህ ነው። ማኮላሸቱ ጥፋት የለበትም፣ ሳህኑ አልተቀነሰም።

ካሎሪውን ወደ ሳህን ለመቀየር ይቺን ያዙ። 100 ግራም ደረቅ እህል፣ ሩዝም ሆነ የበቆሎ ዱቄት፣ 350 ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120። አንድ እንቁላል 75 ገደማ። የትንሽ ውሻ ባለቤቶች፣ እናንተ ደግሞ በተለይ ስሙኝ። 5 ኪሎ የሆነች ውሻ የቀኑ ድርሻዋ 375 አካባቢ ነው። አንድ እንቁላል "እንካ" ብላችሁ ስትወረውሩላት አንድ አምስተኛውን ሰጣችኋት። ለሰው ቢሆን ከምሳና ከራት ውጪ አምስት እንቁላል እንደማጉረስ ነው። በወሬ መሃል የምትወረወር ጉርሻ ሁሉ ተደምራ ከቀኑ ምግብ ከአሥር እጅ አንዱን ማለፍ የለባትም።

ቁጥሩ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በታኅሣሥ ሌሊት ደጅ የሚያድር የደሴ ውሻ ሰውነቱን ለማሞቅ ብቻ ተጨማሪ ያቃጥላል። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ጥላ ሥር የሚተኛው ያን አያስፈልገውም። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የታሰረም እንደዚያው። ጎኑ ይነግራችኋል።

ውሃ ግን ሁሌ ይኑር። በሐዲስ የተነገረውን እዚህ ያላችሁ ሙስሊሞች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣው ሰውዬ ምሕረት አግኝቷል። እኛ ቧንቧ አለን፣ በሚመጣበት ቀን።

ስለከሱት ሳልናገር አላልፍም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ሰው ሲፈናቀል፣ ብዙ ውሻ ግቢ ውስጥ ቀረ። በኅዳር መጨረሻ ስንመለስ ቆዳና አጥንት ሆነው አገኘናቸው። ሰው አለቀሰ። ያዘነ ሰው ደግሞ ያለውን ሁሉ ያቀርባል። እኔ የማውቀው አንድ ጎረቤት ለውሻው ሙሉ ሳህን ስጋ ሰጠው። ውሻው ዋጠው። በማግስቱ ተንቀጠቀጠ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ለሳምንታት ባዶ የቆየ ሰውነት ድንገት ሲጫንበት በደሙ ውስጥ ያለው ማዕድን ይዛባል፣ ልብ ይደክማል። እንዲህ የከሳ ውሻ ካገኛችሁ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ስጡት። ቀን በቀን ጨምሩ። ያኔ ይሄን ለሰፈሩ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። የራሳችን ጭንቀት ነበረብን።

በሰላሙ ጊዜ እየበላ የሚከሳ ውሻ ካለ መጀመሪያ ትላትልን ጠርጥሩ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የምታጠባ ውሻ ደግሞ ቡችሎቿ ሦስት አራት ሳምንት ሲሞላቸው ከወትሮዋ ሁለት ሦስት እጥፍ ያስፈልጋታል፣ ቡችሎቹ ከበዙ ከዚያም በላይ። እሷን አትቆጥቡባት። በአንጻሩ ሳይበላ የሚወፍር ካጋጠማችሁ የእንቅርት እጢ ችግር ሊሆን ይችላልና አስመርምሩት። መጀመሪያ ግን ልጆቹን ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ በቅርጫ ጊዜ። ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ኪስ ስታዩ "ይሄ አይበላም፣ ለውሻው" ብላችሁ አትወርውሩ። እዚያ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘመድ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ በእጅና በሰላጣ ወደ ልጆቻችን ሆድ ይገባል። ውሻውን አያከሳውም፣ ምልክትም አይሰጥም። የሚታመመው ሰው ነው፣ ያውም ከዓመታት በኋላ። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

መቻልን ልጨርስላችሁ። እናቲቱን አንድ ጣሳ ያዙ አልኳቸው፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ። ጠዋት የቀኑን ድርሻ ለክተው ከነጣሳው ኩሽና ያስቀምጣሉ። ለ25 ኪሎ ስናሰላ 780 ካሎሪ ገደማ ነበር። እህሉን ቀነስን፣ ዘይትና ጮማ አወጣን፣ ቀይ ስጋና እንቁላሉን ተውን፣ ሆዱን እንዲሞላው የተቀቀለ ጥቅል ጎመንና ካሮት ጨመርን። ልጆቹም፣ ሠራተኛዋም፣ ተከራዩም ማብላት ይችላሉ፣ ግን ከጣሳው ብቻ። ጣሳው ባዶ ከሆነ ባዶ ነው። በሳምንት ከክብደቱ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ መቀነስ ይበቃል፣ ለእሱ ከ300 እስከ 600 ግራም። ከዚያ በላይ አታስቸኩሉት።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ኩሽና በር ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እሳቸው ይደውሉልኛል። "ልጄ፣ ዓይኑን ባየኸው!" "አብሽሩ እናቴ፣ ዓይኑን አይዩት፣ ጎኑን ዳስሱት።" ተከራዩ ሁለት ጊዜ አጥንት ሲያስገባ ተያዘ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት እየተወሰደ ተመዘነ። ፋሲካ ላይ አንድ ኪሎ መለሰ። በአምስተኛው ወር 26 ላይ ቆመ። 25 አልገባም። ስዳስሰው ግን ጎድኑ ከጣቴ ሥር አንድ በአንድ አለ። እኔም እዚያው ይቁም አልኩ። አሁን የወፍጮ ቤቱ ልጅ አያቅፈውም። መቻል ራሱ ዘሎ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፣ ከወረደ በኋላ ቁራጭ ካሮት እንደሚሰጠው ስለሚያውቅ።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ይሸታል። ከመጠጣታችን በፊት ግን ውጪ ዛፉ ሥር ሦስት ውሾች ታስረዋል። ተራ በተራ እየወጣችሁ ጎናቸውን ዳስሱና ስንት እንደሆኑ ንገሩኝ፣ ከ1 እስከ 9። ነጩ ይናከሳል፣ ባለቤቱ ቀድሞ ይያዘው።